ክራክ ምንድን ነው? አሳታሚው ራሱ ሲሸጠውስ?

ኮምፒውተር ላይ ጌም የተጫወተ ሰው «ክራክ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ጌሙን ትጭናለህ፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ ፋይል ከሌላ ፎልደር ኮፒ አድርገህ በዋናው ፋይል ላይ ትለጥፋለህ። «ይተካ?» ሲልህ «አዎ» ትላለህ። አለቀ፤ ጌሙ ተከፈተ። ብዙዎቻችን ግን ያቺ ፋይል ምን እንደምትሠራ ጠይቀን አናውቅም። የጌም አሳታሚዎች የሌባ መሣሪያ የሚሏትን ይህችኑ ፋይል ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ለገዛ ደንበኞቻቸው ሰጥተው መያዛቸውን የሰማ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

መጀመሪያ ስለ ቁልፉ እናውራ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጌም በሲዲና በዲቪዲ በሚሸጥበት ዘመን አሳታሚዎች ሴፍዲስክ፣ ሴኩሮም፣ ስታርፎርስ የሚባሉ መከላከያዎችን ይገጥሙ ነበር። ጌሙ ሲነሳ መከላከያው ዲስኩን ይፈትሻል። ኦሪጅናሉ ዲስክ ላይ በተራ መንገድ ኮፒ ሲደረግ የማይተላለፍ ምልክት አለ። ምልክቱ ከተገኘ ጌሙ ይቀጥላል። ካልተገኘ «ትክክለኛውን ዲስክ ያስገቡ» ብሎ ይዘጋብሃል።

ክራክ ዲስኩን አይነካም። የሚነካው ጠያቂውን ነው። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። የጌሙን ዋና ፋይል ሄክስ ኤዲተር በሚባል ፕሮግራም ብትከፍተው በግራ በኩል የቁጥር መዓት ይደረደርልሃል። በቀኝ በኩል ቁጥሮቹ ወደ ፊደል ሲቀየሩ የሚሰጡት ዝብርቅርቅ አለ። ከዚያ መዓት መሐል አንድ ቦታ 74 የሚል ባይት (ፋይሉ ከተሠራባቸው ቁጥሮች አንዱ) ተቀምጧል እንበል። ዊንዶውስ በሚሠራባቸው የተለመዱ ፕሮሰሰሮች ቋንቋ 74 ማለት «እኩል ከሆኑ ወደዚያ ዝለል» ነው። 75 ተቃራኒው ነው፤ «እኩል ካልሆኑ ዝለል»። እንግዲህ ፍተሻው «ዲስኩ ካለ ወደ ጌሙ ዝለል» የሚል ከሆነ 74ን 75 አድርገው። ዲስክ የሌለው ሰው ዘው ብሎ ይገባል። ሌላም መንገድ አለ። 90 ማለት «ምንም አታድርግ» ነው፤ ጥያቄው ላይ 90፣ 90፣ 90 እያልክ ብትደረድርበት ጠያቂው ዝም ይላል።

በእርግጥ እነ ሴኩሮም በአንድ ባይት የሚረቱ አልነበሩም። ፋይሉን ያመሰጥሩታል፣ ፍተሻውን አሥር ቦታ ይደብቁታል፣ ወጥመድ ያጠምዳሉ። ያንን መፍታት ከባድ ጥበብ ይጠይቃል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ክራክ ማለት ጥያቄው እንዳይጠየቅ፣ ወይም መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» እንዲሆን የተስተካከለ የራሱ የጌሙ ፋይል ነው።

ይህን የሚሠሩት ቡድኖች ናቸው፤ ሬዘር 1911፣ ሚዝ፣ ሪሎድድ እና ሌሎችም። ከገንዘብ ይልቅ ስማቸው እንዲወጣ ይሽቀዳደሙ ነበር። ስማቸውንም በፋይሉ ውስጥ ይጽፋሉ። (ሬዘር ከኖርዌይ የተነሳ ቡድን ነው። 1911 ዓመተ ምሕረት እንዳይመስልህ። 1911 በኮምፒውተሩ የ16 ቤት አቆጣጠር ሲጻፍ 777 ይሆናል። የፕሮግራመር ቀልድ ነው።) ያ ፊርማ ነው እንግዲህ በኋላ ጉድ ያፈላው።

በ2008 ክረምት ላይ የሆነውን እንይ። ዩቢሶፍት የተባለው አሳታሚ «ሬይንቦ ሲክስ ቬጋስ 2» ለተባለው ጌሙ ማሻሻያ አወጣ። ማሻሻያው ዲስክ ይፈትሻል። ችግሩ ጌሙን ከኢንተርኔት ገዝተው ያወረዱ ሰዎች መኖራቸው ነው። ዲስክ ከየት ያምጡ? ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ማሻሻያውንም በደንቡ ጭነው፣ በሩ ተዘጋባቸው። ቅሬታው ሲበዛ የድርጅቱ የድጋፍ ክፍል አንድ ፋይል አወጣ፤ ይህን ተጠቀሙ፣ ይሠራል። እውነትም ሠራ። አንድ ነገረኛ ተጠቃሚ ግን ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር ከፈተው። በቀኝ በኩል ከዝብርቅርቁ መሐል የሪሎድድ ስም ቁጭ ብሏል። ዩቢሶፍት ለደንበኞቹ የሰጠው መፍትሔ የወንበዴዎቹ ክራክ ነበር። ወሬው ሲሰማ ፋይሉ ተነሳ።

ሌላው አሳታሚ ሮክስታር ደግሞ ከዚህ ባሰ፤ እሱ ሸጠው። በ2010 «ማክስ ፔይን 2»ን ስቲም ከተባለው የኢንተርኔት የጌም ሱቅ የገዙ ሰዎች የጌሙን ፋይል ሲከፍቱ የሚዝን ምልክት አገኙበት። ከዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ የሮክስታር የቆዩ ጌሞችን የሚበረብሩ ሰዎች «ሚድናይት ክለብ 2» እና «ማንሃንት» በስቲም ሲሸጡ የሬዘር 1911 ክራክ እንደተገጠመባቸው አሳዩ። የማንሃንት ነገር ያስቃል፣ ያናድዳልም። ጌሙ ውስጥ ለሕገወጥ ቅጂ ተጫዋች የተጠመዱ ወጥመዶች አሉ፤ ለምሳሌ መከፈት ያለበት በር አልከፈት ይላል። በስቲም ከፍለው የገዙ ሰዎች እነዚያው በሮች ተዘጉባቸው። ከፋዩ ለሌባ በተዘጋጀ ወጥመድ ተያዘ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እንደኔ ግምት ተንኮል የለበትም፤ ስንፍና ነው። የዲስክ ፍተሻ ያለበትን ጌም በኢንተርኔት ልሸጥ ካልክ ፍተሻውን ማውጣት ግድ ነው። ለዚያ ደግሞ የመጀመሪያውን ኮድ ፈልገህ፣ ያለ መከላከያው እንደገና መገንባት አለብህ። ኮዱ ጠፍቶ ይሆናል፤ የሚያውቀው ሰው ለቅቆ ይሆናል። ክራኩ ግን እዚያው በየድረ ገጹ አለ፣ ተፈትኗል፣ ነጻ ነው። አንድ ሠራተኛ «ማን ያያል?» ሳይል አልቀረም።

እዚህ ላይ ነው «ግብዞች!» የሚለው ጩኸት የሚነሳው። ጩኸቱ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ይደባልቃል።

አንደኛው «ከሌባ ሰረቁ» የሚለው ነው። ይሄ ብዙ አያስኬድም። ክራኩ ከጥቂት ባይቶች በቀር የራሱ የአሳታሚው ፕሮግራም ነው። ሰው የገዛ ቤቱን በር በሌባ በተቀረጸ ቁልፍ ቢከፍት ያሳፍር ይሆናል እንጂ ሌባ አያሰኘውም።

ሁለተኛው ነው የሚቆረቁረው። አሜሪካ በ1998 ያወጣችው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መከላከያን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማለፍን በራሱ ይከለክላል። ጌሙን ከፍለህ ገዝተኸው ቢሆንም፣ ለማንም ባትሰጠውም፣ መቆለፊያውን መስበርህ ብቻ ያስጠይቃል። (የተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች በየሦስት ዓመቱ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ በ2015 ቅጂውን በኢንተርኔት የሚያረጋግጠው የአሳታሚው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ለተዘጋባቸው ጌሞች ተፈቅዷል።) እንግዲህ ያችው ፋይል፣ ያው 74 ወደ 75 የተቀየረበት፣ አንተ ስትጠቀምባት ጥፋት፣ አሳታሚው ሲጠቀምባት «የደንበኞች ድጋፍ» ሆነች። በ2003 የሬዘር 1911 የቀድሞ መሪ በአሜሪካ ፍርድ ቤት 18 ወር እስራት ተፈርዶበታል። የዚያው ቡድን ሥራ በኋላ በሕጋዊ ሱቅ ዋጋ ተለጥፎበት ተሸጠ። ሕጉ ልዩነቱን ማስረዳት ይችላል። ተጫዋቹን ማሳመን ግን ሌላ ነው።

ሁሉም ክስ ግን እኩል አይመዝንም። ኔንቲዶ ዊ ለተባለው የጌም ማሽኑ በሸጠው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ፋይል መጀመሪያ ላይ የኢሙሌተር (የአንዱን ማሽን ጌም በሌላ ማሽን ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) አፍቃሪዎች የፈጠሩት አጭር መለያ መገኘቱ «ከኢንተርኔት አውርዶ ሸጠው» አሰኝቶት ነበር። ነገር ግን በዚያ ኢሙሌተር ላይ የሠራ ሰው በኋላ ኔንቲዶ ዘንድ ተቀጥሯል። መለያውን ይዞት የመጣው እሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህኛው እኔ አልፈርድም።

የሶኒ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በ1999 ሶኒ የፕሌይስቴሽን ጌሞችን ማክ ላይ የሚያስኬድ ኢሙሌተር የሠራውን ኮኔክቲክስን ከሰሰ። በ2000 በይግባኝ ተረታ። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱን ገዝቶ አጠፋው። በ2018 ደግሞ «ፕሌይስቴሽን ክላሲክ» የምትባል ትንሽ ማሽን አወጣ። ውስጧ ሲታይ ጌሞቹን የሚያስኬደው ፒሲኤስኤክስ የተባለ የአፍቃሪዎች ክፍት ኢሙሌተር ዝርያ ነው። ይሄ ፍጹም ሕጋዊ ነው፤ ፈቃዱ ለማንም ክፍት ነውና። ግን እንዲህ ያለው ነገር ይጥፋ ብሎ ፍርድ ቤት የቆመ ድርጅት መሆኑን ስታስታውስ ፈገግ ትላለህ።

ሰው ይህን ሁሉ የሚያጠራቅመው መከላከያው ራሱ ስለሚያንገሸግሸው ይመስለኛል። ወንበዴውን ማቆም ሲያቅት ከፋዩን ማስጨነቅ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በመጋቢት 2010 ዩቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ 2»ን ያለማቋረጥ ኢንተርኔት ካልተገናኘ እንዳይሠራ አድርጎ አወጣ። በቀናት ውስጥ ሰርቨሩ ላይ ጥቃት ደረሰና ጌሙን የገዙ ሰዎች መጫወት አልቻሉም። በ2021 ደግሞ ካፕኮም «ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ» ላይ የገጠመው መከላከያ ጌሙን ያንቀራፍፈው ነበር። ክራኩ ሲወጣ የተሰረቀው ቅጂ ከተገዛው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ካፕኮም በዚያው ወር ማስተካከያ አወጣ።

ዲስክ ያላቸውም አልተረፉም። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ማይክሮሶፍት የሴፍዲስክን ድራይቨር (ፍተሻው እንዲሠራ የሚያስፈልገውን አጋዥ ፕሮግራም) ለደኅንነት ሲል አላካተተውም። በአንድ ጀንበር ብዙ የቆዩ ኦሪጅናል ዲስኮች አልነሳም አሉ። ሳጥኑ አለህ፣ መመሪያው አለህ፣ ዲስኩ ጭረት የለውም። የሚያስነሳው ግን የድሮው ክራክ ነው። «ክራክ የሌባ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ጋ ይንገዳገዳል።

አሁን አሁን መቆለፊያው ከዲስክ ወደ ሰርቨር ሄዷል። እዚያ ደግሞ የሚቀየር ባይት እጅህ ላይ የለም። ዩቢሶፍት በ2014 መጨረሻ የሸጠውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጌም መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው። ብቻህን እንኳ ልትነዳ ብትል አይሠራም። ቀጥሎ ጌሙን ከገዢዎች ላይብረሪ ነጠቀ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከሰስም ገዢዎቹ የገዙት ጌሙን ሳይሆን የተወሰነ የመጠቀም ፈቃድ ነው ብሎ ተከራከረ። «መግዛት የራስ ማድረግ ካልሆነ ኮፒ ማድረግም ስርቆት አይደለም» የሚለው መፈክር ከተጫዋቾች አፍ የማይጠፋው እንዲህ ባለው ነገር ነው። እኔ መፈክሩን እንዳለ አልቀበለውም፤ ያልከፈለ ሰው አልከፈለም። «ይግዙ» የሚል ትልቅ ቁልፍ ለጥፎ ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «ተከራይተሃል» ማለት ግን ምን ይባላል?

በ2025 ደጋፊዎች የዘ ክሩን ሰርቨር ሥራ የሚተካ ፕሮግራም ራሳቸው ሠርተው አወጡ። ጌሙን ገዝተው ፋይሉን ያላጠፉ ሰዎች ዛሬ እየነዱ ያሉት በእሱ ነው።