የመኪና ሰብዉፈር ሳጥን በፋይበርግላስ ሲሠራ

የሰብዉፈር (ቤዝ የሚያወጣው ስፒከር) ሳጥን ጌጥ አይደለም። ስፒከሩ በፊቱ አየር ሲገፋ በጀርባው ይስባል። ሁለቱ ሞገዶች ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፣ ቤዙም አለቀለት። ሳጥኑ የጀርባውን ድምፅ ለይቶ ያስቀራል። ይህን ደግሞ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) የተሠራ ተራ ሳጥንም አሳምሮ ይሠራዋል፣ ያውም በትንሽ ወጪ። ታዲያ ፋይበርግላስ ለምን? ለቦታ ነዋ! ከፓራፋንጎው ጀርባ ያለው ጠማማ ጥግ፣ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ፣ ከወንበር ሥር ያለው ክፍተት፣ እነዚህ ቦታዎች ላይ ጣውላ አልገባም ሲል ፋይበርግላስ የመኪናውን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። "ድምፁም ይበልጣል" የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ድምፁን የሚወስነው የውስጡ መጠን፣ ጥንካሬውና አየር አለማስወጣቱ ነው።

መጠኑን የስፒከሩ አምራች ይናገራል። ለዝግ ሳጥን ባለ 10 ኢንቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሊትር፣ ባለ 12 ኢንቹ ወደ 28 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። የአየር ቱቦ ያለው ሳጥን ከዚህ ይሰፋል፤ ቱቦውን ጠማማ ቅርጽ ውስጥ በልክ ማስገባት ራስ ምታት ስለሆነ ብዙ ሰው ዝጉን ይመርጣል።

መጀመሪያ የመኪናው ምንጣፍ በወረቀት ፕላስተር ደጋግሞ ይሸፈናል፣ ላዩ ላይ ፎይል። ይህን በችኮላ አትለፉት፤ ሬዚን (የመስታወት ክሩን አጣብቆ የሚያደነድነው ፈሳሽ) የመኪናው ምንጣፍ ላይ ከደረቀ አይለቅም። ከዚያ ሬዚኑን የሚጠጣው የመስታወት ክር ንጣፍ በመዳፍ ልክ ይቀደዳል። በመቀስ ከተቆረጠ ጠርዙ እንደ ደረጃ ይቀራል፣ ከተቀደደ ግን አንዱ ካንዱ ይዋሃዳል።

ትልቁ ጣጣ ሬዚኑ ነው። ፖሊስተር ሬዚን ላይ የሚጨመረው ሃርድነር (ማድረቂያው) ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ለ500 ግራም ከ5 እስከ 10 ግራም ማለት ነው። ከበዛ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ይሰነጠቃል። ካነሰ ወይም ብርድ ከሆነ እንደተጣበቀ ይቀራል። በብሩሽ እንደ ቀለም አይቀባም፣ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል፤ ነጩ የመስታወት ንጣፍ ሲርስ ብርሃን ያሳልፋል፣ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር ታፍኗል ማለት ነው። ደቂቃዎች ቆይቶ ጄሊ መምሰል ሲጀምር የተረፈውን ማስወገድ እንጂ አሟጥጬ ልጠቀም ማለት አያዋጣም።

ሁለት ድርብ ሲደርቅ ከመኪናው ይወጣና ከ6 ሚሊሜትር በላይ እስኪወፍር ይደረባል። ለፊቱ ስፒከሩ የሚገጠምበት 18 ሚሊሜትር የኤምዲኤፍ ቀለበት በእንጨት ዘንጎች ይቆምና የሚለጠጥ ጨርቅ ተወጥሮበት ሬዚን ይጠጣል፣ በላዩም የመስታወት ንጣፍ ይደረባል። ክብ ቅርጽ በራሱ ጠንካራ ነው፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ግን ይርገበገባል፣ ስለዚህ ከውስጥ እንጨት ይደገፋል። የውስጡ መጠን ሳጥኑን በደረቅ እህል ሞልቶ እህሉን በሊትር በመስፈር ይታወቃል፤ ስፒከሩ ራሱ የሚይዘው ቦታ መቀነሱ እንዳይረሳ። ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ከዚያ ይቀጥላሉ። በመጨረሻ የሚለብሰው የመኪና ምንጣፍ ወይም ቆዳ ጥፋት ይሸፍናል፣ ቀለም ግን ሁሉንም ያጋልጣል።

የሬዚኑ ጭስ ቀልድ አይደለም። ተራ የአቧራ ማስክ አያቆመውም፤ የኬሚካል ትነት ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ሃርድነር ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በሮቹ በተዘጉ መኪና ውስጥ መሥራትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ያለቀው ሳጥን ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ይታሰር፤ በግጭት ጊዜ ያን ያህል ክብደት ወደፊት ይወረወራል። ከመብሳታችሁ በፊት ግን የነዳጅ ታንከሩ ከሥር የት እንዳለ እዩ።