የሚርገበገቡ ኮከቦች በተጋራጅ ጥንዶች ውስጥ፦ በስፔክትሮስኮፒ እንዴት ይጠናሉ?

ብቻውን የሚኖር ኮከብ መጠነ ቁሱን በቀላሉ አይናገርም። ጥንድ ሲሆን ግን ነገሩ ይቀየራል። ሁለት ኮከቦች በስበት ተሳስረው ሲዞሩ የዙረታቸው ፍጥነት መጠነ ቁሳቸውን ያጋልጣል። ምሕዋራቸውን ከጎኑ የምናየው ከሆነ ደግሞ በየተራ ይጋረዳሉ፤ ተጋራጅ ጥንዶች የሚባሉትም ለዚህ ነው። ከሁለቱ አንዱ የሚርገበገብ፣ ማለትም በየጊዜው የሚነፋና የሚኮማተር ከሆነ፣ ለተመራማሪ ትልቅ ሲሳይ ነው። ግርዶሹ የኮከቡን ስፋት፣ መርገብገቡ ደግሞ የውስጡን ሁኔታ ይነግረዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአልጎል ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት፣ ይህ ኮከብ በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ እንደሚደበዝዝ አሳወቀ። ምናልባት የሆነ አካል እየጋረደው ይሆናል ሲልም ገመተ። ግምቱ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1889 ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ካርል ፎግል የአልጎልን ብርሃን ወደ ቀለማቱ በትኖ (የተበተነው ብርሃን ስፔክትረም፣ ጥናቱ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል)፣ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተቱ አየ።

ይህ መንሸራተት የዶፕለር ውጤት ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሄዳሉ። ለውጡ ግን ጥቃቅን ነው። ኮከቡ በሴኮንድ 100 ኪሎ ሜትር ቢበርም፣ 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ያለው ቀዩ የሃይድሮጅን መስመር የሚሸሸው 0.22 ናኖ ሜትር ብቻ ነው። የብርሃን መለኪያ ብቻውን የሚሰጠው ንጽጽር ነው፦ ኮከቡ ከምሕዋሩ አንጻር ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ምሕዋሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ። ያንን ወደ ኪሎ ሜትርና ወደ ኪሎ ግራም የሚቀይረው ስፔክትረሙ ነው። በዚያው ላይ የኮከቡን ሙቀት፣ የንጥረ ነገር ይዘትና በራሱ ዛቢያ የሚሽከረከርበትን ፍጥነት ይጨምርልናል።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚርገበገብ ኮከብ ገጹ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ የምሕዋሩና የመርገብገቡ ፍጥነት ይደባለቃሉ። ዴልታ ስኩቲ የሚባሉት ኮከቦች ከ20 ደቂቃ ገደማ እስከ 8 ሰዓት ባለ ጊዜ ይርገበገባሉ። ስለዚህ ብርሃን ለረጅም ጊዜ እያጠራቀሙ መቆየት አይቻልም፤ ምቱ ይጠፋል። በደቂቃዎች ውስጥ ጥሩ ስፔክትረም ለማግኘት ደግሞ ትልቅ ቴሌስኮፕ ወይም ደማቅ ኮከብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ በፍጥነት ስለሚሽከረከሩ መስመሮቻቸው ሰፍተው ከጓደኛቸው መስመሮች ጋር ይደራረባሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ለዚህ መላ ተገኝቷል። በተለያየ የምሕዋር ቦታ ላይ የተነሱ ብዙ ስፔክትረሞች በኮምፒውተር አንድ ላይ ይሰላሉና የእያንዳንዱ ኮከብ ድርሻ ለብቻው ይወጣል።

የዘዴው ጉልበት ቁልጭ ብሎ የታየው በ2010 ይመስለኛል። የእኛ ጎረቤት ጋላክሲ በሆነው በትልቁ የማጄላን ደመና ውስጥ ሴፊድ የተባለው ዓይነት የሚርገበገብ ኮከብ ከጓደኛው ጋር ሲጋረድ ተገኘ። በ3.8 ቀን አንዴ ይርገበገባል፤ ዙረቱ ግን 310 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስፔክትረሞቹ የተነሱት ቺሊ ባሉ ቴሌስኮፖች ነበር። መጠነ ቁሱ ከፀሐይ 4.14 እጥፍ ሆነ፤ ስህተቱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ። ይህ ቁጥር የቆየ ሙግት ፈታ። የሴፊዶችን መጠነ ቁስ በኮከብ ዕድገት ንድፈ ሐሳብ ሲያሰሉትና ከመርገብገቡ ሲያሰሉት ለአሥርተ ዓመታት አልገጥም ብሎ ነበር። ልኬቱ የመርገብገቡን ስሌት ደገፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አርአር ላይሬ የተባሉትን አሮጌ ኮከቦች ቁርጥ የሚመስል አንድ ኮከብ ሲመዘን፣ የፀሐይ 0.26 እጥፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለዚያ ዓይነት ኮከብ ይህ በጣም ያንሳል። ዋነኛ ክፍሉን ለጓደኛው ያስረከበ፣ በመልክ ብቻ የሚያሳስት ኮከብ ነበር። ጥንድ ባይሆንና ስፔክትረሙ ባይነሳ ኖሮ ማንም አይነቃበትም ነበር።

ግርዶሹ ራሱም ሌላ ጥቅም አለው። ጓደኛው የኮከቡን ገጽ በጥቂት በጥቂቱ ሲሸፍን፣ የሚታየው የመርገብገብ መጠን ይቀያየራል። ከዚህ በመነሳት የትኛው የገጹ ክፍል ሲነፋ የትኛው እንደሚኮማተር መለየት ይቻላል።

የሕዋ ቴሌስኮፖቹ ኬፕለር በ2009፣ ቴስ በ2018 ወደ ሕዋ ከተላኩ በኋላ የእነዚህ ጥንዶች ቁጥር በጣም ጨምሯል። ሁለቱ መንኮራኩሮች ግን (ኬፕለር በ2018 ሥራውን አቁሟል) የተሠሩት የብርሃን መጠንን ለመለካት እንጂ የመስመር መንሸራተትን ለመለካት አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ መሬት ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ወረፋ ይጠብቃል። ዙረቱ ዓመት የሚጠጋ ከሆነም ምሕዋሩን ለመሸፈን ምልከታው በብዙ ወራት ላይ ይበታተናል።