አይጠየፍና የደሴ ታሪካዊ ግቢዎች፦ ጥበቃ፣ አገልግሎትና የነዋሪው ድምፅ

አይጠየፍ አዳራሽ ደሴ ከተማ ውስጥ የሚገኝ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። የቆመው የንጉሡ ቤተ መንግሥት በነበረበት ግቢ ነው። ግቢው መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ የጦር አዛዥ ግቢም ነበር። የወሎ ሠራዊት የሚጠራውና የሚሸኘው ከዚህ ነበር።

ይህ ዳሰሳ አዳራሹን፣ በከተማዋ ያሉ ሌሎች ግቢዎችን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የነበረውን የጦር መስመርና የመቅደላን አምባ አንድ ላይ ያያል። ትኩረቱ አንድ ጥያቄ ላይ ነው። እነዚህ ቦታዎች ሲጠገኑና ለአዲስ አገልግሎት ሲታሰቡ ነዋሪው መቼና እንዴት ይጠየቃል?

ከተማዋና ንጉሡ

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟን የሰጧት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደሆኑ ይነገራል። በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን ደሴ አሉት የሚለው ትውፊት ከሁሉም በላይ የታወቀው ነው።

ደሴን የወሎ መናገሻ ያደረጓት ግን ሚካኤል ናቸው። ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ይህን ያደረጉት ምን ያህል በውድ፣ ምን ያህል በግድ ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጉባኤው በወሎ ሙስሊሞች ላይ ከባድ ጫና ማምጣቱ ግን አያከራክርም።

ሚካኤል ራስ ተብለው የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። ልጅ ኢያሱ ከዚህ ጋብቻ በ1887 ዓ.ም. ተወለዱ። ራስ ሚካኤል በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። ይህ ፈረሰኛ በአገሪቱ ከሚፈሩት የጦር ክፍሎች አንዱ ነበር፤ ወሎዬም ይህን በኩራት ያነሣል። ልጃቸው ወይዘሮ ስህን የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ስማቸው በከተማዋ አንጋፋ ትምህርት ቤት ላይ ይኖራል። በደሴ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም ሚካኤል ናቸው።

በግንቦት 1906 ዓ.ም. ሚካኤል የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ደሴ ላይ ነገሡ። ከተማዋ ከፍ ብላ የታየችው በዚያ ጊዜ ነው። አይጠየፍ የሚታወሰውም ከዚህ ዘመን ጋር ነው። ስሙ እንደሚለው ሀብታሙም ደሃውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚገባበት የግብር ቤት ነበር። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲባል እርዱ ሁለት ነው፤ እንግዳው ግን አንድ ነው። ለአዳራሹ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አይገኝም።

ዘመኑ ግን አልረዘመም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የንጉሡ ጦር ተሸነፈ። ንጉሡ ተማረኩ፤ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ በምርኮ እንዳሉ አረፉ።

ከተማዋ በሁለት ጦርነቶች

በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢጣሊያ ወረራ ሲጀመር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዋና ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አመጡ። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው ሲተኩሱ የተነሣው ፎቶ ዓለምን ዞረ። በከተማዋ የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ለመንግሥታቱ ማኅበር የተቃውሞ ቴሌግራም ላኩ። የሲቪል ከተማ በአውሮፕላን መደብደብ ለዓለም ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ደሴ ይህን ቀድመው ካዩት ከተሞች አንዷ ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴ ገባ።

አምስት ዓመት ቆይቶ ታሪኩ ተገለበጠ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሲገፋ ኢጣሊያኖች ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ከፍታ ይዘው ጠበቁት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቦታው ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወጣል። ሐረጎ ላይ የቆመ ሰው ከታች የሚመጣውን ሁሉ ያያል። ኢጣሊያኖች ከዚያ ከፍታ በመድፍ ይተኩሱ ነበር። ውጊያው ለቀናት ቆየ። የኢትዮጵያ አርበኞችም ገደሉን እየወጡ ተዋጉ። ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ነፃ ወጣች፤ ወደ 8,000 የሚጠጋ የጠላት ጦርም ተማረከ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። የኮምቦልቻው ውጊያ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

በደርግ ዘመን የመሳፍንቱ ግቢዎች በመንግሥት እጅ ገቡ።

ግቢው ሙዚየም ሲሆን

ደሴ የድሮን ግቢ ለአዲስ አገልግሎት ማዋልን አታውቅም ማለት አይቻልም። የደሴ ሙዚየም ያለው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ የቆየው ሥራ ስላገኘ ነው። በር የሚከፍት፣ ጣሪያ የሚያይ፣ አቧራ የሚጠርግ ሰው ነበረው።

ይህም ከጦርነት አላዳነውም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ተያዘች። እስከ ኅዳር 27 ቀን በቆየው ጊዜ ሙዚየሙ ተዘረፈ፤ ጉዳትም ደረሰበት። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተዘረፉት ተቋማት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚነሣ ማንኛውም ውይይት ይህን ጠባሳ ይዞ ነው የሚመጣው። ሰው ስለ ጥገና ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመልሰው ስለ ጥበቃ ሠራተኛና ስለ መዝገብ ነው። ምን ነበረን? ፎቶው የት አለ? ቅጂው ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይለያል። ፈቃድ ግን አንድ ነገር ነው፤ የነዋሪው አስተያየት ሌላ። ባለሙያው ግድግዳው በምን ይለሰን የሚለውን ይወስናል። አዳራሹ ለምን ይዋል የሚለው ግን የከተማው ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ችግር የሚፈጠረው።

ጥገናን በቅርብ ሲያዩት

የድሮ ሕንፃ በአንድ ቀን አይፈርስም። አንድ የቆርቆሮ ሚስማር ይላላል። የሐምሌ ዝናብ በዚያች ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ውኃው የእንጨቱ ጫፍ ግድግዳ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ይጠራቀማል። እንጨቱ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ውስጡ ግን በስብሷል። ከዚያ ምስጥ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ጣሪያው ጎበጥ ሲል ሁሉም ይደነግጣል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው በጀት ሚስማሩን በጊዜው መትቶ ለማለፍ ከሚበቃው ብር ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ጠላት በደግ ልብ የሚመጣ ሲሚንቶ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የተሠራ ግድግዳ እርጥበትን ያሳልፋል። ሲሚንቶ ሲለበጥበት እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ልስኑም ከነድንጋዩ ይነሣል። ጎንደር ፋሲል ግቢ ላይ ይህ በተግባር ታይቷል። በኢጣሊያ ዘመን የገባው ሲሚንቶ በኋላ በዩኔስኮ እገዛ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ስለዚህ "አሳምረን እናድሰው" የሚል ለጋሽ ሲመጣ በምን እንደሚያሳምረው መጠየቅ ነውር አይደለም።

ነዋሪው እንዴት ይጠየቃል

የተለመደውን መድረክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥሪው በቀበሌ ይደርሳል። መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃና ባነር አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል የተባለው ስብሰባ አራት ሰዓት ይጀመራል። ሰነዱ በፕሮጀክተር ይቀርባል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፊደሉን አያይም። አስተያየት ሲባል ሰዓቱ ወደ ምሳ ተጠግቷል። እጅ የሚያወጡት የታወቁ ሰዎች ናቸው። ዲዛይኑ ቀድሞ አልቋል፤ ስለዚህ የሚቀረው ወይ ማመስገን ወይ ማጉረምረም ነው። ይህ ማሳወቅ ነው እንጂ ማማከር አይደለም።

ወሎ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር በእጁ አለው። ቅሬ አለ። ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚሰበሰብ ማኅበር አይደለም። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት አብሮ የሚመክርበት፣ የሰፈሩን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ መዋቅር ነው። በመድረክ ላይ አፋቸውን የማይከፍቱ እናቶች በቅሬ ስብሰባ ላይ በደንብ ይናገራሉ። ጥያቄው ወደ ቅሬው ቢወርድ የሚመጣው መልስ ሌላ ነው። በሸዋበር ያለ ነጋዴ፣ በአራዳ ያለ ሽማግሌ፣ በቧንቧ ውኃ ያለች ተማሪ ስለ አንድ አዳራሽ የሚያስቡት አንድ ዓይነት አይሆንም። ልዩነቱ መመዝገብ አለበት፤ በቃለ ጉባኤ ላይ "ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ደግፏል" ተብሎ መጨፍለቅ የለበትም።

ከወሎ ሳይወጡ ላሊበላን ማየት ይበቃል። በ2000 ዓ.ም. በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ የነዋሪውና የካህናቱ ስጋት እየበረታ ሄደ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማዋ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ይነሡልን አለ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩ በከፍተኛ ደረጃ ትኩረት ያገኘው። ከምሰሶው ሥር በየቀኑ የሚያልፈው ካህን ሲናገር ከመጀመሪያው የሰማ ቢኖር ያ ሁሉ ዓመት ባልባከነ ነበር።

አዳራሹ ለምን ይዋል

ስለ አይጠየፍ የሚቀርቡ ሐሳቦች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣሉ።

ሙዚየም ይሁን የሚለው አለ። የደሴ ሙዚየም ስላለ ሁለቱ እንዳይሻሙ መታሰብ አለበት። አንዱ የወሎን ባህልና አኗኗር፣ ሌላው የንጉሡን ዘመንና የጦርነቶቹን ታሪክ ቢይዝ የሚደጋገፉ ይመስለኛል። የኅዳር 26ቱ ድብደባና የኮምቦልቻው ውጊያ ለሕዝብ የሚነገሩበት ቋሚ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ስላለው ጥናቱን ለመምራት ከማንም ይቀርባል።

የሥነ ጥበብ መድረክ ይሁን የሚሉም አሉ። ይህን ሐሳብ በግሌ እወደዋለሁ። ከኢትዮጵያ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ከወሎ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ላሊበላ ኪነት የተባለው የሙዚቃ ቡድንም ከዚሁ የወጣ ነው። ለግብር የተሠራ ሰፊ አዳራሽ ለዘፈንና ለመንዙማ ባዳ አይሆንም።

ሦስተኛው ለሠርግና ለስብሰባ ይከራይ የሚለው ነው። ገቢ ያመጣል፤ ጥበቃ ያለ ገንዘብ አይሆንምና ነገሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ግን ሠርግ ማለት ዲኮር ነው። ዲኮር ማለት ሚስማር፣ ሽቦና ማጣበቂያ ነው። ትልልቅ ስፒከሮች ይንቀጠቀጣሉ። ከበስተጀርባ ድስት ይጣዳል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። የእንጨት ሥራ ላለው ሕንፃ አንድ የእሳት አደጋ ይበቃዋል። ኪራይ የግድ ከሆነ ድንኳኑ ውጭ ግቢው ላይ ይተከል፤ ምግቡም እዚያው ይሁን። አዳራሹ ሙሽሮችን ለፎቶ ቢቀበል ይበቃል።

አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የግብር አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. ከአንድነት ፓርክ ጋር ለጎብኚ ተከፍቷል። ደሴ ያን ያህል ገንዘብ የላትም። መግቢያው በነዋሪው አቅም፣ ለተማሪ ደግሞ በነፃ ቢሆን ግን ከተማዋ የራሷን ጎብኚ አታጣም።

የመቅደላ ጉዳይ

በደቡብ ወሎ ምሽግ ሲባል መቅደላ ሳይነሣ አይታለፍም። ዞኑ የሚተዳደረው ከደሴ ስለሆነ ጉዳዩ የደሴም ነው። አምባው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና እስር ቤት ነበር። ወጣቱ ምኒልክም ታስረውበት በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገብተዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ አቃጠለው። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል፤ ደላንታ ላይም ጨረታ ወጣበት። ሴባስቶፖል መድፍ እዚያው አምባው ላይ ቀርቷል።

መድፉ ከመቅደላ እንዳይነሣ የሚሟገቱ ሰዎች ትክክል ናቸው። በሰው ጉልበት ተጎትቶ የወጣ መድፍ ቦታው እዚያው ነው።

ከዝርፊያው ጥቂቱ በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። የቴዎድሮስ ፀጉር በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ሌሎች ዕቃዎች ተረክበናል። አብዛኛው ግን አሁንም እንግሊዝ አገር ነው። ሲመለስ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ አዲስ አበባ፣ ደሴና መቅደላ እያንዳንዳቸው በቂ ምክንያት አላቸው። አዲስ አበባ የተሻለ መጋዘንና ባለሙያ አላት። ደሴ ለአምባው ቅርብ ናት፤ የ2014ቱ ዝርፊያ ግን ስለ ደኅንነቱ ዋስትና እንድትሰጥ ያስገድዳታል። የመቅደላና የተንታ ሰው ደግሞ ቢያንስ ቅጂውና የዕቃው ዝርዝር አምባው ላይ እንዲኖር መጠየቅ መብቱ ነው። ከመቅደላ የተዘረፉትን ታቦታት በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የቤተ ክርስቲያኗ መሆን አለበት። ለቀሩት ዕቃዎች የሚደረገው ምክክር በአማርኛ በተጻፈ፣ ከነፎቶው በወጣ የዕቃ ዝርዝር ቢጀመርና ዝርዝሩ ለየቅሬውና ለየትምህርት ቤቱ ቢዳረስ ሰው በስሜት ሳይሆን ዕቃውን እያየ አስተያየት ይሰጣል።