ረዳት ተብሎ ረዳት ያልሆነው የጃፓን ፕሮፌሰር

በአንድ ጃፓናዊ ምሁር የቆየ ሲቪ ላይ «ጆክዮጁ» የሚል ማዕረግ ካያችሁ፣ ቶሎ ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። ቃል በቃል ሲፈታ ረዳት ፕሮፌሰር ነው። በእንግሊዝኛ ግን የሚጻፈው አሶሺየት ፕሮፌሰር ተብሎ ነበር፤ በእኛ አጠራር ተባባሪ ፕሮፌሰር ማለት ነው። ከሙሉ ፕሮፌሰሩ፣ ከ«ክዮጁ»፣ ቀጥሎ ያለው ደረጃ እሱ ነዋ።

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2007 ጀምሮ ግን ሕጉ ተቀየረ። ጆክዮጁ ቀረና «ጁንክዮጁ» ተተካ፤ እሱም ያው ተባባሪ ፕሮፌሰር ነው። ከሥር ደግሞ «ጆክዮ» የሚባል አዲስ ማዕረግ መጣ። ዛሬ ረዳት ፕሮፌሰር ተብሎ የሚተረጎመው ይሄኛው ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት «ጁ» ስትጎድል ሰውየው ከደረጃው ወረደ ማለት ነው! ስም ያወጡት ሰዎች ትንሽ እንኳ አላዘኑልንም። በጁንክዮጁና በጆክዮ መካከል ያለው «ኮሺ» ብዙም አያስቸግርም፤ ሌክቸረር ይሉታል።