«ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ ተመራማሪ ስራ ፈት ነው» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት የምንሆን ኮድ የምንጽፍ ልጆች ቡና እየጠጣን እንጫወታለን፣ ብርዱ ጃኬት ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ነው፣ ወሬያችን ደግሞ ሁሌም ሁለት ነገር ነው፦ በሳምንቱ ያሰቃየን ባግ (የፕሮግራም ስህተት ማለት ነው) እና አንዳችን ያነበበው ግራ የሚያጋባ ጥናት። አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ጣልቃ ይገባል፣ ደስ ይለናል፣ ግን ደጋግመው የሚመጡ አንዳንድ አባባሎች አሉ እውነት ያልሆኑ፣ እኛም ራሳችን አምነናቸው የኖርን። አንዳንዱ ሰውን ስለሚጎዳ ልጽፋቸው አሰብኩ። ዓመተ ምህረት ስጠራ በፈረንጅ ነው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

«ኮምፒውተር ሒሳብ አይሳሳትም»

ይሄኛው እኔ ላይ ደርሷል። ለአንድ የወተት ህብረት ስራ ማህበር ትንሽ ፕሮግራም ሰርቼ ነበር፣ ገበሬው ጠዋትና ማታ ያመጣው ወተት ይመዘገባል ከዛ ድምሩ ከደብተሩ ጋር ይመሳከራል። አንድ ቀን መዝጋቢው ደወሉልኝ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ልጄ ይሄ ነገርህ ሰው ሊያጣላ ነው ድረስ» አሉኝ። ስደርስ ስክሪኑ ላይ ጠዋት 2.2፣ ማታ 1.1፣ ድምር 3.3 ይላል፣ ከስሩ ደግሞ በቀይ «አይገጥምም»። ደብተሩን ገለጥኩ፣ በእስክርቢቶ የተጻፈው እሱም 3.3 ነው። ገበሬው ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል፣ ማሽኑ አይዋሽም ስለተባለ ለመከራከር እንኳ ድፍረት አጥቷል፣ ጋሼም ከጠዋት ጀምሮ የራሳቸውን ደብተር ሲጠራጠሩ ነው የዋሉት። ላፕቶፔን ከፍቼ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ደመርኳቸው፣ 3.3000000000000003 አለኝ። «ጋሼ እርሶም እሱም አልተሳሳታችሁም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እኛ አንድ ሶስተኛን በአስርዮሽ ስንጽፍ 0.333 እያለ እንደማያልቅልን ለሱ ደግሞ አንድ አስረኛ አያልቅለትም፣ ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፣ ያቺ የተቆረጠችው ነገር ናት በኋላ ጭራ ሆና የምትወጣው። ፕሮግራሙ ደግሞ «3.3 እና 3.3000000000000003 እኩል ናቸው ወይ» ተብሎ ሲጠየቅ አይደሉም አለ፣ ልክ ነው አይደሉም። መፍትሄው ሊትሩን ትቶ በአስረኛ ሊትር መቁጠር ነው፣ 22 እና 11፣ 33፣ በቃ። ብርም እንደዛው፣ በሳንቲም ቁጠሩት፣ ነጥብ ያለው ቁጥር አድርጋችሁ አታስቀምጡት።

ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ሳውዲ አረቢያ ዳህራን ላይ የነበረው የአሜሪካ ፓትሪዮት ሚሳኤል መከላከያ ሰዓቱን የሚቆጥረው በአንድ አስረኛ ሰከንድ ነበር፣ ያቺኑ የማታልቀውን አንድ አስረኛ ቆርጦ ነው የሚይዛት። ሲስተሙ ወደ 100 ሰዓት ገደማ ሳይጠፋ ስለሰራ ያቺ ቁራጭ ተጠራቅማ 0.34 ሰከንድ ሆነች፣ ከኢራቅ የመጣውን ስከድ ሚሳኤል የተሳሳተ ቦታ ፈለገው፣ 28 ወታደሮች ሞቱ። የተስተካከለው ሶፍትዌር የደረሰው በማግስቱ ነው። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው የወተቱን ፕሮግራም ከስር ጀምሬ ድጋሚ የጻፍኩት።

«ሪስታርት ማድረግ የሰነፍ መላ ነው»

ከላይ ያለውን ታሪክ አስቡት፣ እስራኤሎች ችግሩን ቀድመው አይተው ሲስተሙን ቶሎ ቶሎ አጥፍታችሁ አብሩት ብለው ነበር፣ ቢጠፋና ቢበራ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምር ነበር። ለተጠቃሚዎቹ የተላለፈው መልእክት ግን «በጣም ረጅም ጊዜ እንዳይሰራ» የሚል ብቻ ነበር፣ ረጅም ማለት ስንት ሰዓት እንደሆነ የነገራቸው የለም። በ2015 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለስልጣን ስለ ቦይንግ 787 ያወጣው መመሪያም ተመሳሳይ ነው፣ አውሮፕላኑ ሀይሉ ሳይቋረጥ 248 ቀን ከቆየ የጄነሬተር መቆጣጠሪያዎቹ በአንዴ ስራ ሊያቆሙ ይችላሉ ስለዚህ በየጊዜው ሀይሉን አጥፉት የሚል። 248 ከየት መጣ ካላችሁ፣ 2,147,483,648 መቶኛ ሰከንድ ስታሰሉት ወደ 248 ቀን ተኩል ይመጣል፣ ቆጣሪው ሞልቶ የሚፈስበት ቀን ማለት ነው።

ስለዚህ ማጥፋትና ማብራት የተጠራቀመ ነገር ያራግፋል፣ እውነተኛ ስራ ይሰራል። ግን በሽታውን አያድንም፣ ያስታግሳል እንጂ። ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱና ሰዓቱን ጻፉ፣ ሰራተኛው «ሲስተም የለም» ብሎ ዝም ብሎ ሲያጠፋው እኮ እኛ ምክንያቱን የምናገኝበት ነገር አብሮ ይጠፋል።

«ባግ የሚለው ቃል ኮምፒውተር ውስጥ ከተገኘች የእሳት እራት የመጣ ነው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፣ ባግ በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት ማለትም ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 የሚባል ማሽን ውስጥ የእሳት እራት ተገኝታ መዝገብ ላይ ተለጥፋለች፣ ቃሉን ግን የፈጠራ ሰው የነበረው ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ተጠቅሞበታል። መዝገቡም «በርግጥ ባግ የተገኘበት የመጀመሪያው» ነው የሚለው፣ ቃሉን ቀድመው ባያውቁት እንዲህ ብለው ባልጻፉ ነበር።

«የኛ ዘመን አቆጣጠር ለሶፍትዌር ቀላል ነው፣ 8 መቀነስ ነው»

አይደለም። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመታቸውን እስኪቀይሩ፣ ማለትም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ፣ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዛ በኋላ 8። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ሲመጣ ግን 12 ነው፣ ምክንያቱም በሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፣ እንደ 2015 የኛ። የሚያናድደኝ ግን ስሌቱ አይደለም፣ ፎርሞቹ ናቸው፣ የወር ሳጥኑ 12 ላይ ያበቃል። ጳጉሜ 3 የተወለደች የዘመዴ ልጅ አንድ መስሪያ ቤት ሲስተሙ ስላልተቀበላት ነሐሴ 30 ተብላ ተመዝግባለች፣ እናትየው «ምን ችግር አለው» አለች፣ እኔ ግን ችግር አለው ባይ ነኝ፣ የልጅቷ ልደት ያለው ወር እኮ ነው። አስራ ሶስተኛ ወር ማስገባት አይቻልም የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አትመኑት፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቁ ዝግጁ ኮዶች ድሮም አሉ።

ከዚሁ ጋር፣ «በአማርኛ የጻፍኩት ኤስኤምኤስ ቶሎ የሚያልቀው ሆን ብለው እየቆረጡብን ነው» የሚል ብዙ ሰው አለ። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው፣ ማለትም 1,120 ቢት (ቢት አንድ 0 ወይም 1 ነው)። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ይገባል፣ ፊደላችን ግን እያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚወስድ 70 ብቻ ነው የሚገባው። በዛ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክት ውስጥ አንድ «ሰላም» ከገባች ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ይሄ ህግ የወጣው እኛ ታስበን አይደለም፣ ቅር ቢለኝም ሌብነት ነው ብዬ አላወራም።

«ተመራማሪ ስራ ፈት ነው፣ ዝንጀሮ ሲያይ ይውላል»

ይሄን የሚሉት ከሩቅ አይደለም፣ እዚሁ መንዝ ጓሳ ላይ ለዓመታት ጭላዳ ሲያዩ የሚውሉ ሰዎችን አይተው ነው። እስቲ ምን እንዳገኙ ልንገራችሁ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎቹ መሀል ገብቶ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ግልገል አይነካም ማለት ይቻላል፣ እነሱም አይሸሹትም፣ ውሻ ቢሆን ግን ወዲያው ይፈረጥጣሉ። በ2015 የታተመው የቪቬክ ቬንካታራማንና የባልደረቦቹ ጥናት አይጥ ለመያዝ የሞከረበትን እያንዳንዱን ጊዜ ቆጠረ፣ ጭላዳ መሀል ሲሆን ከሞከረው 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ሳር ሲግጡ አይጦቹን ስለሚያስነሱለት ወይም መንጋው ከአይጦቹ ስለሚሸፍነው ሊሆን ይችላል።

ከመሀላችን አንዱ የመንዝ ልጅ ነው፣ በግ ሲጠብቅ ያደገ፣ ይሄን ስናነብ «እኛ እኮ አብረው ሲሄዱ ድሮም እናያቸው ነበር» አለ። እውነቱን ነው፣ አይቷል። ግን ሰው ደውሎ «ሲስተሙ አንዳንዴ ይዘጋል» ሲለንና «ማክሰኞና ሐሙስ ከሶስት ሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰባቱን ጊዜ» ሲለን ያለው ልዩነት እኛ ከማንም በላይ የምናውቀው ነገር ነው፣ በሁለተኛው ነው ምክንያት የሚገኘው። ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው ስራ ፈት አይደለም። ደግሞ ቀይ ቀበሮ በዋናነት ኑሮው አይጥ መሆኑን ያወቀ እረኛ ሲያየው ድንጋይ ለማንሳት አይቸኩልም።

«የሚያስቅ ጥናት የማይረባ ጥናት ነው» የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። ከ1991 ጀምሮ መጀመሪያ የሚያስቅ ቀጥሎ የሚያሳስብ ጥናት የሚሸለምበት ኢግ ኖቤል የሚባል ሽልማት አለ። አንድሬ ጋይም በማግኔት እንቁራሪት አየር ላይ አንሳፍፎ በ2000 ይሄን ተሸለመ፣ በ2010 ደግሞ ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ) ላይ በሰራው ስራ ዋናውን የፊዚክስ ኖቤል ወሰደ። ሌሎች የሞተ ሳልሞን አሳ የአንጎል ምርመራ ማሽን ውስጥ አስገብተው ፎቶ ሲያሳዩት ማሽኑ አንጎሉ ውስጥ እንቅስቃሴ አለ አለ። አሳው ሞቷል! በሺህ የሚቆጠር ነጥብ አንድ በአንድ ስትፈትሽ ካላረምከው አንዳንዱ በአጋጣሚ እውነት መስሎ ይወጣል፣ ይሄ ዳታ ላይ ለምንሰራ ሁሉ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

የሶፍትዌርና የሳይንስ ችግር ሲገናኝ ደግሞ ሶፍትዌሩ ነው የሚስተካከለው ብላችሁ እንዳታስቡ። ማርች 1 እና ሴፕት 1 የሚባሉ ጂኖች (ዘረ-መሎች) ነበሩ፣ ኤክሴል ላይ ስትጽፋቸው ወደ ቀን ይቀይራቸዋል፣ በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙት ጽሁፎች አንድ አምስተኛ የሚሆኑት እንዲህ አይነት ስህተት እንዳለባቸው አሳየ። በመጨረሻ በ2020 የተቀየረው የጂኖቹ ስም ነው፣ ማርች 1 ማርችኤፍ 1 ሆነ። ይሄን ልማድ ለማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ኤክሴል ላይ የገባው በ2023 ነው።

አንድ የኛን ልጨምር። በ2016 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሀብቴ ተክኤ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የወባ ትንኝ ዶሮን እንደምትሸሽ አሳዩ፣ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው አጎበር ስር ተኝቶ አጠገቡ ዶሮ በሽቦ ቤት ሲሰቀል ወይም የዶሮ ሽታ ሲቀመጥ የሚያዘው ትንኝ ቀነሰ። ይሄ ወሬ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ «ዶሮ ካለህ አጎበር አያስፈልግህም» ሆኗል፣ የዛው ልጅ የሆነ ጓደኛችን እናቱ ናቸው የነገሩት። ጥናቱ እንደዛ አይልም፣ የተኛው ሰው አጎበር ውስጥ ነበር፣ የተፈለገውም ትንኝ የሚያባርረውን ሽታ ለይቶ ማውጣት ነው። ልጁ ያን ቀን ከጠረጴዛው ተነስቶ ውጭ ወጥቶ ደወለላቸው፣ «እማዬ ዶሮዋ ትቆይ፣ አጎበሩን ግን ዛሬውኑ መልሰሽ ስቀይው»።