«ማርጂናል» የምርጫ ክልል ምንድን ነው? ኬንሲንግተን እና 20 ድምፅ

እንግሊዝ አገር ምርጫ የሚካሄደው ሐሙስ ቀን ነው። ጣቢያዎቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተከፍተው ማታ 4 ሰዓት ይዘጋሉ። ቆጠራው ሌሊቱን ሲካሄድ ያድርና አብዛኛው ሰው አርብ ጠዋት ሲነቃ ውጤቱ ደርሶ ይጠብቀዋል። በጁን 2017ም እንደዚያው ነበር። (ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ650 የምርጫ ክልሎች የ649ኙ ውጤት ታወቀ። አንድ ብቻ ቀረ። ለንደን ውስጥ ያለው ኬንሲንግተን።

ቆጣሪዎቹ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ደከማቸው። ቤታችሁ ሄዳችሁ እረፉ ተባሉና አርብ ማታ ተመልሰው እንደገና ቆጠሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ላይ ውጤቱ ተነገረ። የሌበር ፓርቲዋ ኤማ ደንት ኮድ 16,333፣ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲዋ ቪክቶሪያ ቦርዊክ 16,313። ልዩነቱ 20 ድምፅ። አንድ ሚኒባስ ታክሲ ትርፍ ሲጭን የሚይዘው ሰው ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ክልል እንግሊዞች «ማርጂናል ሲት» ይሉታል። እኛ ጋ ቁርጥ ያለ አንድ ቃል የለውም። ብርቱ ፉክክር ያለበት የምርጫ ክልል ብንለው ይገልጸዋል። አንደኛ በወጣውና ሁለተኛ በወጣው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ በሚቀጥለው ምርጫ ወደ ሌላ ሰው ሊዞር ይችላል። ልዩነቱ ከተሰጠው ድምፅ 10 በመቶ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማርጂናል ይባላል። ተቃራኒው «ሴፍ ሲት» ነው፤ አንድ ፓርቲ ማንንም ቢያቀርብ የሚያሸንፍበት፣ ሁሉም ሰው ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ክልል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከምርጫው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን እኛም በደንብ እናውቀዋለን፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሚለውም ይህንኑ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። ግማሽ ማግኘት አይጠበቅበትም። ሁለተኛ የወጣው፣ በ1 ድምፅም ይሸነፍ በ30 ሺህ፣ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። አዲስ አበባን አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የከተማዋን 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከ23ቱ 22ቱን ኢሕአዴግ ወሰደና ለመድረክ የቀረችው አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች። የወንበሩን ብዛት ብቻ ያየ ሰው ከተማው በአምስት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተገለባበጠ ይመስለዋል። በሁለቱም ጊዜ ግን ሌላውን ወገን የመረጠ ብዙ ሺህ ሰው ነበር፤ ድምፁ ወንበር አላገኘም እንጂ።

አሁን ወደ 20ዋ ድምፅ እንመለስ፤ ሒሳቡን በእጃችን እንያዘው። አንድ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ከደንት ኮድ ወደ ቦርዊክ ቢዞር ልዩነቱ የሚጠበው በ2 ነው፤ ከአንዷ ላይ ይቀነሳል፣ ለሌላዋ ይጨመራል። 10 ሰው ቢዞር ሁለቱም 16,323 ይሆኑና እኩል ይወጣሉ። እኩል ከወጡ ሕጉ የሚለው ዕጣ ነው፤ አዎ፣ አስመራጩ ዕጣ ያወጣል። 11 ሰው ቢዞር ደግሞ ቦርዊክ በ2 ድምፅ ያሸንፉ ነበር። አስራ አንድ ሰው። አንድ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች።

ኬንሲንግተን ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመረዳት ግን ሰፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን የሰማ ሰው ወዲያው የሚታየው ቤተ መንግሥቱ፣ ሙዚየሞቹና የሚሊዮኖች ቤት ነው። ደቡቡ በእርግጥ እንደዚያ ነው። ወደ ሰሜን በእግር ሲሄዱ ግን ላድብሮክ ግሮቭን ያልፉና ሌላ ከተማ ውስጥ ይገባሉ። የቀበሌ ቤት የምንለው ዓይነት የማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎች፣ የካሪቢያን፣ የሞሮኮ፣ የሶማሊያ፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ቤተሰቦች። ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የመስመሩ ታሪክ ነው። እስከ 1974 ድረስ ኬንሲንግተን ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሰሜኑ ከ1945 ጀምሮ የሌበር ነው፣ ደቡቡ የኮንሰርቫቲቭ ምሽግ ነው። ሁለቱም ጋ ያን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። በመሐል ግን አንድ ሰው መጣ፤ ኦስዋልድ ሞዝሊ። በ1930ዎቹ የብሪታንያ ፋሺስቶች መሪ የነበረው፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር ብሪታንያ ጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳትጥል ሲቀሰቅስ የነበረው ሰው ነው። በ1958 እዚያው ሰሜን ኬንሲንግተን አካባቢ ባለው ኖቲንግ ሂል ውስጥ ነጭ ወጣቶች ጥቁሮች ላይ ዘምተው ብጥብጥ ተነሥቶ ነበርና፣ በዓመቱ ያንን ጥላቻ ድምፅ አደርገዋለሁ ብሎ ሰሜን ኬንሲንግተን ላይ ተወዳደረ። ሰፈሩ ፊቱን አዞረበት። ያገኘው ድምፅ ስምንት በመቶ ገደማ ነበር፤ ለምዝገባ ያስያዘውን ገንዘብ እንኳ አልመለሱለትም። ይህ ታሪክ ልጆቻችን የሚያልፉባቸው መንገዶች ላይ የተፈጸመ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

በ1974 ሰሜንና ደቡብ ተዋሐዱና አንድ ኬንሲንግተን ሆኑ። ወዲያው ፉክክር መጣ። ኮንሰርቫቲቮች ወንበሩን ቢይዙም ልባቸው አርፎ አልተቀመጠም፤ በ1988 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ያሸነፉት በ815 ድምፅ ነበር። ከዚያ በ1997 መስመሩ እንደገና ተሠመረ። ሰሜኑ ተቆርጦ ከሌላ ሰፈር ጋር ተጣመረ፤ እዚያ ሌበር አሸነፈ። ደቡቡ ከቼልሲ ጋር ተጣመረ፤ ኮንሰርቫቲቮች ተመቻቸው። በ2010 ደግሞ ቼልሲ ወጣ፣ ሰሜኑ ተመለሰ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፣ ቤቱም ያው ቤት ነው። ካርታው ላይ መስመሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን አንዴ ፉክክር ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ሰው ማርጂናል ክልል ሲባል ነዋሪው መሐል ሰፋሪ፣ ልበ ሁለት የሆነ ይመስለዋል። ኬንሲንግተን ውስጥ የሚወላውል ሰው ብዙ አይደለም። እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሁለት ሰፈሮች በአንድ መስመር ውስጥ ተቀምጠው በቁጥር ስለተቀራረቡ ነው ፉክክሩ የመጣው።

መቀራረባቸው ግን ጊዜ ወሰደ። በ2010 የኮንሰርቫቲቩ ማልኮም ሪፍኪንድ በ8,616 ድምፅ አሸነፉ። በ2015 ቦርዊክ በ7,361። ስለዚህ በ2017 ኬንሲንግተንን እንደ ማርጂናል የሚያይ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ምን ተቀየረ? ትልቁ ነገር ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቷ ጉዳይ ነው። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኬንሲንግተንና ቼልሲ ወደ 69 በመቶ የሚሆነው ሰው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንቆይ ብሎ ነበር፤ ቦርዊክ ደግሞ እንውጣ ከሚሉት ወገን ነበሩ። ደቡቡ ላይ ዕድሜ ልኩን ኮንሰርቫቲቭ ሲመርጥ የኖረው ሀብታም ተቀየመ። ሰሜኑ ደግሞ በኪራይ መወደድና በኑሮ ተማሮ ወጥቶ መረጠ።

ውጤቱ ከተነገረ አምስት ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ ጁን 14 ለሊት፣ እዚያው ሰሜን ኬንሲንግተን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የሚባለው ረጅም የማዘጋጃ ቤት መኖሪያ ሕንፃ ተቃጠለ። 72 ሰው ሞተ። ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። ስለ ሕንፃው የእሳት አደጋ ነዋሪዎቹ ከዚያ በፊት ደጋግመው ጽፈዋል፣ ጮኸዋል። የሕንፃው ጉዳይ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ የፓርላማ አባሉ አይደለም፤ ይህንን ሳላምታታ መናገር እፈልጋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ከልቤ አይወጣም። የሰሜኑ ሰው ድምፅ ውጤት እንደማይቀይር ለዓመታት ሲታመን ኖሯል። የማይቀይር ድምፅ ያለውን ሰው ማን ተጨንቆ ይሰማዋል? ኤማ ደንት ኮድ የፓርላማ ሥራቸውን የጀመሩት በዚያ ሐዘን ውስጥ ነው።

በ2019 ወንበሩ ተመልሶ ዞረ። የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲዋ ፌሊሲቲ ቡካን 16,768፣ ደንት ኮድ 16,618። ልዩነት 150። ሦስተኛ የወጡት ከኮንሰርቫቲቭ ወጥተው ለሊበራል ዴሞክራት የተወዳደሩት የቀድሞው ሚኒስትር ሳም ጂማ ሲሆኑ፣ 9,312 ድምፅ አግኝተዋል። እዚህ ላይ ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። ያሸነፉት ሴትዮ ያገኙት 38 በመቶ ነው። ከአስር መራጭ ስድስቱ ሌላ ሰው ነበር የፈለገው። ብሬግዚትን የሚቃወመው ድምፅ ለሁለት ተከፈለና ኮንሰርቫቲቮች በመሐል አለፉ። ለዚህ ነው በማርጂናል ክልል ሰዎች «የልቤን ልምረጥ ወይስ የሚያሸንፈውን?» እያሉ የሚጨነቁት። እዚያው ለንደን ሃምስቴድና ኪልበርን በ2010 ከዚህ የባሰ ነበር። የሌበሯ ግሌንዳ ጃክሰን ሁለተኛውን የበለጡት በ42 ድምፅ ነው፤ ሦስተኛውም ቢሆን ሩቅ አልነበረም፣ 841 ድምፅ ነው የቀረው።

ማርጂናል ክልል ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ምርጫ ሲደርስ በር ይንኳኳል። ያኔ ላድብሮክ ግሮቭ አካባቢ ነበር የምኖረው። አንዲት ወጣት ስሞች የተጻፉበት ወረቀት ይዛ፣ ዝናብ እየመታት፣ ደረጃውን እየወጣች ቤት ለቤት ታንኳኳለች። ከፈትኩላት። ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ዜግነት ግን ገና አልወሰድኩም አልኳት። አመስግናኝ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። ጎረቤቴ ጋናዊት ናት። እሷም ዜግነት አልነበራትም፤ ግን ትመርጣለች። ጋና የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የተሰባሰቡበት ማኅበር) አባል ስለሆነች፣ እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ጋናዊ፣ ናይጄሪያዊ ወይም ኬንያዊ ለፓርላማ መምረጥ ይችላል። እኛ አባል ስላልሆንን የብሪታንያ ዜግነት እስክንወስድ አንችልም። ይህንን የማያውቁ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ዜግነት ወስደውም መመዝገብ እንዳለባቸው የማያውቁ አሉ፤ ምዝገባው በራሱ አይመጣም፣ መጠየቅ አለባችሁ።

ወጣቷ በዚያች ደረጃ ላይ 20 ደቂቃ ቆማ ጎረቤቴን ስታዋራት ሰማሁ። ስለ ኪራይ፣ ስለ ሻጋታው ግድግዳ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት። ሴፍ ሲት ውስጥ የሚኖር ጓደኛ አለኝ፤ ምሥራቅ ለንደን ነው። በ15 ዓመት ውስጥ ለምርጫ በሩን ያንኳኳ ሰው የለም ይላል። በፖስታ የሚመጣ አንድ ወረቀት፣ በቃ።

በ2024 መስመሩ እንደገና ተሠመረ። ቤይስዎተር ተጨመረና ክልሉ ኬንሲንግተንና ቤይስዎተር ተባለ። የሌበሩ ጆ ፓውል ቡካንን በ2,903 ድምፅ አሸነፉ። ደንት ኮድም ከፓርቲያቸው ጋር ተለያይተው በግል ተወዳድረው ነበር። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩት ያን ቀን ነው። አሁን ፎቶ ያለው መታወቂያ ማሳየት ግዴታ ሆኗልና ፓስፖርቴን ኪሴ ከትቼ ከሥራ መልስ ጎረቤቴን አንኳኳሁባት። የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ገና መነሳቷ ነው። ሻይዋን እስክትጨርስ ጠበቅኳትና አብረን ሄድን። በክር የታሰረች እርሳስ ሰጡኝ፣ ምልክቴን አደረግኩ፣ ወረቀቱን አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ስንወጣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ በሩ ላይ ገና ሰልፍ አለ።