በቤት ኮርኒስ ውስጥ የሚሰወር የፕሮጀክተር ስክሪን

በኮርኒስ ውስጥ የሚሰወር የፕሮጀክተር ስክሪን፣ በማያገለግልበት ሰዓት ከኮርኒሱ በላይ ባለ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጥና ሲፈለግ በኤሌክትሪክ ሞተር እየተፈታ በጠባብ ክፍተት ወደ ታች የሚወርድ የምስል ሸራ ነው። ግድግዳ ላይ በግልጽ ከሚሰቀለው ዓይነት የሚለየው ሣጥኑ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚገነባ በመሆኑ ነው። ከዚህም የተነሣ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ተርታ ቢመደብም፣ የመጨረሻውን ጥራት የሚወስኑት በአመዛኙ አናጢው፣ የጂፕሰም ሠራተኛውና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ናቸው፤ የተጣመመ ሣጥን ውስጥ የገባን ሸራ የትኛውም ውድ ፕሮጀክተር አያቃናውም።

አመጣጥ

የሚጠቀለል ስክሪን ዘሩ የሚመዘዘው ከሲኒማ ቤት ብቻ ሳይሆን ከመስኮት መጋረጃም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በምትገኘው ስፓይስላንድ የተመሠረተው ድሬፐር የተባለ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በሚጠቀለል የመስኮት መጋረጃ ሲሆን፣ ወደ ስክሪን የተሻገረው ቆይቶ ነው። በ1909 በቺካጎ የተቋቋመው ዳላይት ደግሞ መነሻው ለፊልም ማሳያ ቤቶች የሚሆን ሸራ ነበር። በ1947 የተመሠረተው የካሊፎርኒያው ስቱዋርት ፊልምስክሪን እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ ከጥራት ጋር ተያይዞ የሚነሣ አምራች ነው። ዛሬ በስክሪኑ ጥቅል ውስጥ የሚገባው ቀጭን ሞተርም ቢሆን መጀመሪያ የተሠራው ለፀሐይ መከላከያና ለመስኮት መዝጊያ ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ ቀደምት ስም ያለው ሶምፊ በፈረንሳይዋ ክሉዝ ከተማ በ1969 ተመሠረተ። ጥቅሉም ሞተሩም ከግንባታ ሙያ የመጡ ናቸው ማለት ነው።

በቤት ውስጥ ፊልም ማየት የተስፋፋው ኮዳክ በ1923 የ16 ሚሊ ሜትር፣ በ1932 ደግሞ ርካሹን የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ለአማተሮች ካቀረበ በኋላ ነው። የዚያ ዘመን የቤት ስክሪን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይዘረጋና ፊልሙ ሲያበቃ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሄንሪ ክሎስ ኩባንያ አድቬንት ለገበያ ያቀረበው ቪዲዮቢም ትልቅ የቴሌቪዥን ምስልን ወደ ሳሎን ቢያስገባም፣ የምስል ቱቦዎቹ ብርሃን ደካማ ስለነበር ብርሃኑን አሰባስቦ የሚመልስ ጎድጎድ ያለ የማይታጠፍ ስክሪን ያስፈልገው ነበር፤ እንዲህ ያለው ስክሪን ደግሞ አይጠቀለልም። በ1980ዎቹ ባለ ቱቦ ፕሮጀክተሮች ኮርኒስ ላይ መሰቀል ያዙ።

የሚሰወረውን ስክሪን ለተራው ቤት ያቀረበው የዲጂታል ፕሮጀክተር መምጣት ነው። ኤፕሰን የመጀመሪያውን የኤልሲዲ (የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ) ፕሮጀክተሩን በ1989 አወጣ፤ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ ላሪ ሆርንቤክ በ1987 የፈለሰፈው የጥቃቅን መስታወቶች ቺፕም በ1996 ዲኤልፒ በሚል ስም በፕሮጀክተሮች ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ጠፍጣፋና ለስላሳ ሸራ በቂ ብርሃን ያገኝ ስለጀመረ፣ ስክሪኑን ጠቅልሎ ማስቀመጥ የምስልን ጥራት መሠዋት መሆኑ ቀረ።

ክፍሎቹና አሠራሩ

ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ ከላሜራ ወይም ከአልሙኒየም የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ሸራው የሚጠመጠምበት የብረት ቱቦ ጥቅል አለ። ሞተሩ በቱቦው ውስጥ በአንደኛው ጫፍ ይገባል። በሸራው የታችኛው ጠርዝ ላይ የሚገኘው ክብደት ያለው ዘንግ ሸራውን ወደ ታች ወጥሮ ይይዛል። ሞተሩ የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቀው በላይኛውና በታችኛው የመቆሚያ ልክ ነው። የታችኛው ልክ ሲስተካከል ቢያንስ አንድ ተኩል ዙር ያህል ሸራ በጥቅሉ ላይ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ የዘንጉ ክብደት በሙሉ ሸራው በተለጠፈበት መስመር ላይ ያርፍና ቀስ በቀስ ይገነጥለዋል።

ክፍተቱን የመሸፈኛ መንገዱ ሁለት ነው። በቀላሉ ዓይነት የታችኛው ዘንግ ራሱ ወደ ላይ ሲመለስ ክፍተቱን ይደፍናል። በሌላው ከሸራው ቀድሞ የሚከፈትና ከእርሱ በኋላ የሚዘጋ በማጠፊያ የተያያዘ ክዳን አለ። ሁለተኛው ከኮርኒሱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ሲቀባ ከቀጭን መስመር በስተቀር የሚታይ ነገር አይኖረውም፤ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሚጨምር ግን ለብልሽት የሚጋለጥበት ቦታም በዚያው ልክ ይበዛል።

ኮርኒሱ

ስክሪን ከመታዘዙ በፊት መታወቅ ያለበት ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ ነው። ቤቱ በኮንክሪት ሶሌታ የተሠራ ከሆነ ሶሌታውን ሰርስሮ ሣጥን ማስገባት ፈጽሞ አይታሰብም፤ ያለው አማራጭ ከሥሩ ሁለተኛ ኮርኒስ መሥራት፣ ወይም በግድግዳው አጠገብ ብቻ ከ20 እስከ 25 ሴ.ሜ. ወረድ ያለ የጂፕሰም ሣጥን ማበጀት ነው። በእንጨት በተዋቀረ ኮርኒስ ደግሞ የተሸካሚ እንጨቶቹ አቅጣጫ ሁሉን ይወስናል። እንጨቶቹ ከስክሪኑ ጋር ትይዩ ከሆኑ ሣጥኑ በሁለቱ መካከል ባለው፣ ብዙውን ጊዜ 40 ወይም 60 ሴ.ሜ. በሆነው ክፍተት ውስጥ በቀላሉ ይቀመጣል። አቋርጠው የሚያልፉ ከሆነ ግን መቆረጥና በአግድም እንጨት እንደገና መታሰር ይኖርባቸዋል፤ ይህም የመዋቅር ባለሙያ ሳያየው የሚሠራ አይደለም። በፋብሪካ ተገጣጥመው የመጡ የጣሪያ ትራሶችን (ጣሪያውን የሚሸከሙ የተገጣጠሙ መዋቅሮችን) መቁረጥ የጣሪያውን ሸክም የሚያዛባ በመሆኑ በፍጹም መደረግ የለበትም።

ሣጥኑ ከነሸራው በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ከጂፕሰም ቦርዱ ላይ አይንጠለጠልም፤ የሚታሰረው ከሶሌታው ወይም ከተሸካሚው እንጨት ጋር በቡሎንና ጥርስ ባለው ዘንግ ነው። ጥርስ ያለው ዘንግ የሚመረጥበት ምክንያት ለውሃ ልክ ሥራ መመቸቱ ነው፦ ሣጥኑ ከተሰቀለ በኋላ በአንዱ ጫፍ ያለውን ዳዶ በትንሹ በማዞር ከፍታውን በሚሊ ሜትር ማስተካከል ይቻላል። አንደኛው ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ሸራው በተጠቀለለ ቁጥር ወደ ጎን እየሸሸ ይሄድና ጠርዙ ከሣጥኑ ጋር እየተፋተገ ይላጫል። ይህ ጉድለት በርክክቡ ቀን አይታይም፤ የሚታየው ከወራት በኋላ የሸራው ጠርዝ ሲሸበሸብ ነው።

ሸራው ከሚወርድበት መስመር አጠገብ የአየር ማቀዝቀዣ መውጫ እንዳይኖር መጠንቀቅም ይገባል፤ ቀላል ነፋስ እንኳ ምስሉን ያወዛውዛል። በክረምትና በበጋ የሙቀት ልዩነት ያለበት ከጣሪያ ሥር ያለ ባዶ ቦታ ከሆነ፣ ሣጥኑ ከላይ በደንብ ካልታሸገ አቧራና እርጥበት ሸራው ላይ ይጠራቀማል።

ልክና ከፍታ

ከጥግ እስከ ጥግ ተለክቶ 100 ኢንች የሚባለው ስክሪን በ16 ለ9 ምጥጥን ሲለካ ምስሉ 221 ሴ.ሜ. ስፋትና 125 ሴ.ሜ. ቁመት አለው። ጥቁር ጠርዙ፣ የሞተሩ ጫፍና ጥቅሉን የሚይዙት ቅንፎች ሲጨመሩ ሣጥኑ ከምስሉ በብዙ ስለሚረዝም፣ ኮርኒሱ መቀደድ ያለበት በአምራቹ ሥዕል ልክ እንጂ በምስሉ ልክ አይደለም።

በተደጋጋሚ የሚዘነጋው ከምስሉ በላይ የሚኖረው ጥቁር ሸራ ነው። ወለሉና ኮርኒሱ በ270 ሴ.ሜ. የሚራራቁበት ክፍል እንውሰድ። የምስሉ የታችኛው ጠርዝ ከወለል 75 ሴ.ሜ. ላይ ቢሆን የላይኛው 200 ሴ.ሜ. ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከኮርኒሱ እስከ ምስሉ 70 ሴ.ሜ. ጥቁር ሸራ ያስፈልጋል። በተለመደው አሠራር የሚቀርበው 30 ሴ.ሜ. አካባቢ ነው። በዚያ ብቻ ከተሰቀለ ምስሉ ከ115 ሴ.ሜ. በላይ ይጀምራል፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ደግሞ 110 ሴ.ሜ. አካባቢ ስለሆነ ተመልካቹ ፊልሙን ሙሉ ቀና ብሎ ለማየት ይገደዳል። ተጨማሪው ጥቁር ሸራ በትእዛዝ ጊዜ ካልተጠየቀ በኋላ አይቀጠልም።

የመቀመጫ ርቀትን በተመለከተ የሚጠቀሱት መለኪያዎች ይለያያሉ። ምስሉ በዓይን ላይ 30 ዲግሪ ያህል እንዲይዝ የሚፈልግ ሰው ለዚህ ስክሪን 4.1 ሜትር፣ 40 ዲግሪ የሚፈልግ ደግሞ 3 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። የትኛው እንደሚሻል በተመልካቹ ምርጫ የሚወሰን ይመስላል።

ሸራው

የሸራ ነጸብራቅ የሚለካው ጌይን በሚባል ቁጥር ሲሆን 1.0 ማለት ብርሃንን በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚመልስ ነጭ ገጽታ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ያለው ሸራ ብርሃኑን ወደ መሀል ያደላል፤ ከጎን የተቀመጠው ሰው የሚያየው ምስል በዚያው መጠን ይደበዝዛል። 1,000 ሉመን (ሉመን ፕሮጀክተር የሚያወጣው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብርሃን ጌይኑ 1.0 በሆነ የ100 ኢንች ስክሪን ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር 115 ካንዴላ (የምስሉ ድምቀት መለኪያ) ያህል ይሰጣል። የዲጂታል ሲኒማ መለኪያ 48 ካንዴላ መሆኑ ሲታሰብ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ኃይለኛ ፕሮጀክተር የግድ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ግራጫ ሸራ ብርሃን በሚገባበት ሳሎን ጥቁሩን ክፍል ይበልጥ ያጠቁራል ይባላል፤ በሌላ በኩል ነጩንም አብሮ ስለሚያደበዝዝ በዚህ ጉዳይ የባለሙያዎች አስተያየት አንድ አይደለም።

ስለ ውጥረት ግን የሚያከራክር ነገር የለም። ጎንና ጎኑ ላይ በተዘረጋ ገመድ ወደ ውጭ የሚሳብ ሸራ፣ ማለትም ባለ ውጥረት ስክሪን፣ በራሱ ክብደት ብቻ ከሚንጠለጠለው በግልጽ ይበልጣል። ውጥረት የሌለው የፕላስቲክ ሸራ ከጊዜ በኋላ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ መሀሉም ሞገድ ይሠራል፤ ካሜራው ወደ ጎን በሚዞርበት ትዕይንት ቀጥ ያለ የሕንፃ መስመር ሲታጠፍ ይታያል። ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ወደ ላይ ለሚያበሩት አጭር ርቀት ፕሮጀክተሮች ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሞገድ እንኳ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ለእነርሱ በክፈፍ የተወጠረ ቋሚ ስክሪን ይመረጣል።

ድምፅ ማጉያዎችን ከስክሪኑ ጀርባ ለማስቀመጥ ድምፅ የሚያሳልፍ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ወይም የተሸመነ ሸራ አለ።

ኤሌክትሪክና መቆጣጠሪያ

በቀጥታ በቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራው የተለመደ ሞተር አራት ሽቦ አለው፦ ኒውትራል፣ ኧርዝ፣ አንዱ ለመውረጃ፣ አንዱ ለመውጫ። ሁለቱ አቅጣጫዎች በአንድ ጊዜ ኃይል ካገኙ ሞተሩ ስለሚቃጠል ማብሪያው ይህን የሚከለክል መሆን አለበት። ሁለት ሞተሮችን በአንድ ተራ ማብሪያ ማንቀሳቀስም ስሕተት ነው፤ አንዱ ሞተር በመቆሚያ ልኩ ሲቆም ከሌላው በኩል በሚመለስ ኃይል ሊነዳ ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ማድረግ ነው።

ከማብሪያ ሌላ ሪሞት፣ የሬዲዮ መቆጣጠሪያና የቤት አውቶሜሽን ይሠራበታል። ከሁሉ የሚመቸው ብዙ ፕሮጀክተሮች ከኋላቸው ያላቸው ባለ 12 ቮልት መውጫ ነው፤ ፕሮጀክተሩ ሲበራ ይህ መውጫ ኃይል ይሰጣል፣ ስክሪኑም በራሱ ይወርዳል፣ ሲጠፋም ይመለሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀጭን ሽቦ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት በቱቦ ውስጥ መዘርጋት አለበት፤ ዛሬ ባያስፈልግ እንኳ ባዶ ቱቦ መቅበር ነገ ጂፕሰም ከመቅደድ ያድናል።

የሥራ ቅደም ተከተልና ጥገና

የተሻሉ አምራቾች ሣጥኑንና ሸራውን ለየብቻ ይልካሉ። ሣጥኑ ከማጠናቀቂያ ሥራው በፊት ባለው ሻካራ ግንባታ ወቅት ይሰቀላል፣ ሽቦው ይገባለታል፣ ጂፕሰሙ ይዘጋል፣ ስቱኮና ቀለሙ ያልቃል፤ ሸራው የሚገባው አቧራው ከተጠረገ በኋላ ነው። ሁለቱ አብረው የመጡ ከሆነ ክፍተቱ በፕላስቲክ ተሸፍኖ መቆየት ይኖርበታል፤ የጂፕሰም ብናኝ በነጭ ሸራ ላይ ሲጠቀለል ታትሞ ይቀራል። ቀለም ቀቢው የክዳኑን መስመር በቀለም ወይም በስቱኮ እንዳይደፍነውም ሊነገረው ይገባል፤ በመጀመሪያው ሙከራ ክዳኑ ሲከፈት የኮርኒሱን ቀለም ይዞ ይነሣል። በሞተሩ በኩል እጅና መፍቻ የሚያስገባ የጥገና በር ካልተተወ፣ የመቆሚያ ልኩን ለማስተካከል ብቻ ኮርኒሱን መክፈት ግድ ይሆናል።

በአገልግሎት ዘመኑ ስክሪኑ ብዙ እንክብካቤ አይጠይቅም። አብዛኞቹ የቱቦ ሞተሮች ያለማቋረጥ የሚሠሩት ለ4 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ባለቤቱ ለእንግዳ ለማሳየት ደጋግሞ ሲያወርድና ሲያወጣ የሙቀት መከላከያው ሞተሩን ያቆመዋል፤ ተበላሸ ተብሎ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ቢጠበቅ በአብዛኛው ተመልሶ ይሠራል። ሸራውን በለስላሳና በትንሹ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ አልኮልም ሆነ የመስታወት ማጽጃ የላይኛውን ልባስ ይጎዳል። ያለ ውጥረት የተሰቀለ ሸራ በሥራ ላይ ካልሆነ ተዘርግቶ እንዲውል አይመከርም፤ እርጥብ ሆኖ መጠቅለል ግን ለየትኛውም ዓይነት ሸራ የተከለከለ ነው።